ቅባቱ ከእጅ ወደ እጅ አይዙር



በማደሪያችን ውስጥ ብዙ ነገር እንዋዋሳለን። ሳሙና እንዋዋሳለን፣ ደብተር እንዋዋሳለን፣ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣም ሸሚዝና ጫማ ሳይቀር እንዋዋሳለን። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ከየወረዳው የተሰባሰበ ተማሪ ካልተረዳዳ በምን ይዘልቃል? ነገር ግን በዚሁ መዋዋስ ውስጥ ተሸሽጎ የገባ አንድ ነገር አለ። እርሱም የቆዳ ቅባት ነው። በወንዶቹም ሆነ በሴቶቹ ማደሪያ አንዱ ለእከኩ የገዛውን ሌላው ለብጉሩ ይቀባዋል፤ አንዷ ለማድያት፣ ሌላዋ ደሞ እንዲያው "ፊት ያጠራል" ስለተባለ ብቻ ትቀባዋለች። ምንነቱን የሚጠይቅ የለም። "እኔን አሽሎኛል፣ ሞክረው" ከተባለ በቂ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠራል።

እኛ ሣጥኖቹን እየለመንን ስማቸውን አነበብን። ከብዙዎቹ ላይ ያገኘነው ስም ኮርቲኮስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች ወገን ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለነዚህ መድኃኒቶች ልንጽፍ ተነሣን። አቋማችንንም ከወዲሁ እንናገር፦ ኮርቲኮስቴሮይድ ከታላላቆቹ መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ሊናቅም ሊፈራም አይገባውም፤ ነገር ግን እንደ ሳሙና የሚዋዋሱት ነገር አይደለም።

እስቲ ከመሠረቱ እንነሣ። እሾህ የወጋው ጣት ሲያድር ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ይጠዘጥዛል። ያገራችን ሰው "ቁስሉ ተቆጣ" ይለዋል። ሐኪሞች ብግነት ይሉታል፤ እኛ ግን የእናቶቻችን ቃል ነገሩን ይበልጥ ይገልጠዋል ባዮች ነን። ሰውነት በእርግጥ ተቆጥቷል። ወራሪ ተዋሲያን ገብተው እንደሆነ ብሎ ወደ ቦታው ደም ይልካል፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ይልካል፣ ኬሚካሎች ይረጫል።

በገጠር ሌሊት ኡኡታ ሲሰማ ምን ይሆናል? ሰፈሩ ሁሉ ዱላውን ይዞ ይወጣል። የመጣው ጅብ ከሆነ ከብቱ ተረፈ። አንዳንድ ጊዜ ግን ኡኡታው ያለ ጅብ ይሆናል፤ ወይም ጅቡ ከሄደ በኋላ ሕዝቡ አልበተን ይላል፤ በጨለማ የገዛ ጓሮውን ይረግጣል፣ የገዛ አጥሩን ይሰብራል። አስም ያለበት ሰው የአየር ቧንቧው በአቧራ ሲቆጣ የሚሆነው ይኸው ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ በሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታም የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን አካል ይደበድባል። ኮርቲኮስቴሮይድ እንግዲህ መሐል ገብቶ "በቃ፣ ወደየቤታችሁ ግቡ" የሚል ሽማግሌ ነው።

ይህ ሽማግሌ ከሩቅ የመጣ እንግዳ እንኳ አይደለም። ከኩላሊቶቻችን በላይ እንደ ቆብ የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ፤ አድሬናል ይባላሉ። ኮርቲዞል የተባለውን ሆርሞን በየዕለቱ ያመነጫሉ፤ ይልቁንም በማለዳ። መድኃኒቱ የዚሁ ሆርሞን ዘመድ ነው። ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ከሚጠብቀው ተቀባይ ጋር ተጣምሮ ወደ ሕዋሱ እንብርት ይዘልቃል፤ ቁጣን የሚያነሣሡ ኬሚካሎች እንዲመረቱ የሚያዙትን ጂኖች ዝም ያሰኛል፤ የሚያበርዱትን ያነቃቃል። አብዛኛው ሥራው በዚህ ትእዛዝ መለወጥ ላይ የቆመ ስለሆነ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል። (በነገራችን ላይ ጡንቻ ለማሳበጥ አንዳንድ ስፖርተኞች በድብቅ ይወስዱታል የሚባለው "ስቴሮይድ" ሌላ ወገን ነው። ስም ስለተጋሩ ብቻ አናምታታቸው።)

እዚህ ላይ ሁሉ ነገር የተንጠለጠለበት ነጥብ አለ። ሽማግሌው ሕዝቡን ይበትናል እንጂ ጅቡን አይገድልም።

ይህን የሕክምና ሰዎች ራሳቸው በተግባር ነው የተማሩት። በመስከረም 1941 ዓ.ም. (1948 እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ በማዮ ክሊኒክ፣ ዶክተር ፊሊፕ ሄንች በመገጣጠሚያ በሽታ አልጋ ላይ ለዋለች አንዲት የ29 ዓመት ሴት በቀን 100 ሚሊግራም የዚህን መድኃኒት መርፌ ይሰጧት ጀመር። መድኃኒቱ በዚያን ጊዜ "ኮምፓውንድ ኢ" ይባል ነበር፤ በኋላ ኮርቲዞን ተባለ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሴትዮዋ ተነሥታ ሄደች፤ ሳምንት ሲሞላ ገበያ ወጣች። ዓለም ተደነቀ። ሄንች፣ ባልደረባቸው ኬሚስቱ ኤድዋርድ ኬንዳልና በስዊዘርላንድ ይሠሩ የነበሩት ታዴዎስ ራይክስታይን በ1950 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ነገር ግን ደስታው ሳይበርድ ሌላው ገጽ ተገለጠ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ በሽታው ይመለሳል፤ በብዛት ሲወሰድ ደግሞ ፊት ያብጣል፣ ጠባይ ይለዋወጣል። ከዚያ ወዲህ ያለው የሰባ ምናምን ዓመት ታሪክ ባጭሩ ሲነገር መጠኑንና ጊዜውን የመማር ታሪክ ነው።

በቅርብ ጊዜ እንኳ ሁላችንም የሰማነው አንድ ምሳሌ አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. (2020 እ.ኤ.አ.) ኮሮና ዓለምን ባስጨነቀበት ወቅት በእንግሊዝ አገር "ሪከቨሪ" የተባለው ጥናት ውጤቱን አስታወቀ። ዴክሳሜታዞን፣ ያ ርካሹና የቆየው መድኃኒት፣ በቀን 6 ሚሊግራም እስከ 10 ቀን ሲሰጥ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩት ሕሙማን መካከል የሚሞቱትን በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀነሰ። ኦክስጅን ብቻ ይሰጣቸው ከነበሩት ደግሞ በአንድ አምስተኛ። ኦክስጅን ያላስፈለጋቸውን ግን ምንም አልጠቀመም። አያችሁ? አንድ መድኃኒት፣ አንድ መጠን፣ አንድ በሽታ፤ ሆኖም ቁጣው ራሱ ገዳይ በሆነበት ሰው ላይ ሕይወት አዳነ፤ ሰውነት ገና ከቫይረሱ ጋር ትግል ላይ ባለበት ሰው ላይ ግን ፋይዳ አልነበረውም። "እኔን አሽሎኛል፣ ሞክረው" የሚለውን የማደሪያችንን ሕግ ከዚህ የበለጠ ምን ያፈርሰዋል?

ወደ ቅባቱ እንመለስ። ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ጭርት። ጭርት ፈንገስ ነው፤ ማለትም ጅቡ በእርግጥ አለ። የስቴሮይድ ቅባት ሲቀቡት ማሳከኩ በሁለት በሦስት ቀን ጸጥ ይላል፣ ቅላቱ ይጠፋል፤ "ዳንኩ" ይባላል። ፈንገሱ ግን ተቆጪ ስለሌለው ተመችቶት ይስፋፋል። ክብ የነበረው መልኩ ይጠፋና ሐኪም እንኳ ሲያየው ለመለየት ይቸገራል። ቅባቱ ሲቆም ከቀድሞው ሰፍቶ ይነሣል፤ ሰውየውም "ይኸው ሳልቀባ ሲቀር ባሰብኝ" ብሎ እንደገና ይቀባል። ከዚህ አዙሪት በራሱ ብልኃት የወጣ ጓደኛ አላየንም።

እዚህ ላይ የስም ነገር አለ፤ እባካችሁ ልብ በሉት። ክሎትሪማዞል የሚባል ቅባት አለ፤ ፈንገስ የሚገድል ነው፣ ለጭርት ይሆናል። ክሎቤታሶል የሚባልም አለ፤ ይህ ከስቴሮይዶች ሁሉ እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት ነው፣ ጭርትን ያባብሳል። ሁለቱም በ"ክሎ" ይጀምራሉ፣ መጨረሻቸውም ሲጠሩት ይቀራረባል። "ያ ክሎ ምናምን የሚባለውን ስጠኝ" ብሎ የሚገዛ ሰው የትኛውን ይዞ እንደሚመለስ ዕድሉ ያውቃል።

ሌላው የቁጥር ነገር ነው። ሣጥኑ ላይ ሃይድሮኮርቲዞን 1%፣ ክሎቤታሶል 0.05% ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ሒሳብ አስተማሪ ልንሆን የምንሠለጥን ሰዎች 0.05 ከ1 ያንሳል ብለን ክሎቤታሶሉ ለስላሳ ነው እንል ይሆናል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሃይድሮኮርቲዞን ከደካሞቹ ነው፤ ክሎቤታሶል ከኃይለኞቹ። በመቶኛው የሚነግረን በቅባቱ ውስጥ ስንት እንዳለ እንጂ ያለው ምን ያህል ኃይል እንዳለው አይደለም።

ፊት ደሞ ከሌላው አካል የተለየ ነው። ቆዳው ስስ ስለሆነ መድኃኒቱን አብዝቶ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ቅባቱ የደም ሥሮችን ያጠባል፣ የቆዳውንም ቀለም ያሳሳል፤ "ፊቷ ጠራ" የሚያሰኘው ይኸው ነው። ወራት ሲያልፍ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል፣ ቀያይ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉር ይፈላል፣ አንዳንዴም ጠጉር ይበቅላል። ለማቆም ሲሞከር ፊት ይቃጠላል፣ ይቀላል፤ ስለዚህ ማቆም ያስፈራል። ጠይም ቆዳን እንደ በሽታ ቆጥሮ ቅባት መግዛት ለእኛ መጀመሪያውኑ የማይገባን ነገር ነው፤ ነገ ሃምሳና ስድሳ ጠይም ሕፃናት ፊት ቆሞ "በራሳችሁ እመኑ" የሚል ሰው ይህን ሲያደርግ ደግሞ ይበልጥ አይገባንም።

ታዲያ ቅባቱ አይነካ ማለታችን ነው? አይደለም! ለችፌ፣ ሐኪም አይቶ ላዘዘለት ሰው፣ ፍቱን መድኃኒት ነው። ፈርቶ በጥቂቱ እየነካካ ወራት የሚያሳክከው ሰው ተጎጂ ነው። ለመጠኑም ቀላል መለኪያ አለ፤ ከአዋቂ ሰው ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ የተጨመቀ ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን፣ ከነጣቶቹ ሁለት መዳፍ ለሚያክል ቆዳ ይበቃል። ኃይለኞቹ ከሁለት ሳምንት በላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቀጠሉም፤ ፊት፣ ብብትና ብሽሽት ላይም አይወጡም።

ስለ ዓይን ሳንናገር ብናልፍ ደግሞ በነገ ተማሪዎቻችን ላይ መፍረድ ይሆንብናል። በሙቀትና በአቧራ ወራት ዓይናቸውን ሲያሹ የሚውሉ ልጆች አሉ፤ ብርሃን ይሸሻሉ፣ ሰሌዳው አይታያቸውም፤ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ይህ የዓይን አለርጂ ሲሆን ስቴሮይድ ያለበት የዓይን ጠብታ በፍጥነት ያስታግሰዋል። ወላጅም ያንኑ ብልቃጥ ባለቀ ቁጥር ደጋግሞ ይገዛል። ነገር ግን ጠብታው ያለ ክትትል ሲቀጥል በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ሊጨምርና ግላኮማ ሊያመጣ ይችላል፤ የዓይን ሞራም ያመጣል። በግላኮማ የጠፋ ማየት ተመልሶ አይመጣም። ሕመም ስለሌለው ልጁ አይናገርም። ይህን ቀድሞ ሊያይ የሚችል ማነው? ልጁ በየቀኑ ፊቱ የሚቀመጥለት መምህር ነው። "ዓይኑን የሚያክመው ማነው? ግፊቱስ ተለክቶ ያውቃል ወይ?" ብሎ ወላጅን መጠየቅ ከደመወዝ ላይ ምንም አይቀንስም።

እስካሁን የተናገርነው በድፍረት ስለሚጠፋው ነው። በፍርሃት የሚጠፋውም አይናቅም። አስም ያለባቸው ጓደኞች አሉን። ብዙዎቹ ሰማያዊውን ፓፍ፣ ሳልቡታሞልን፣ በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ፤ ደረት ሲጠብ ይነፉታል፣ ቧንቧው ይከፈታል፤ ቁጣው ግን በቦታው ነው። ቁጣውን የሚያበርደው በየዕለቱ የሚሳበው የስቴሮይድ ፓፍ ነው፤ ለምሳሌ ቤክሎሜታዞን። ይህን ሲታዘዝላቸው "እሱ ሱስ ያስይዛል፣ አጥንት ይበላል" ብለው ሻንጣ ውስጥ ይወረውሩታል። ጂና የተባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ ግን ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳልቡታሞልን ብቻውን ይዞ መኖርን አይመክርም።

እስቲ እናስላ። አንዱ ንፊት 100 ማይክሮግራም ቢሆን፣ ጧትና ማታ አንድ አንድ ጊዜ የሚስብ ሰው በቀን 200 ማይክሮግራም ወሰደ። ይኸው ሰው ፓፉን ትቶ አስሙ ሲነሣበትና ጤና ጣቢያ ሲሮጥ ብዙውን ጊዜ የሚታዘዝለት ፕሬድኒዞሎን በቀን 40 ሚሊግራም፣ ማለትም 40,000 ማይክሮግራም ነው፤ ለአምስት እስከ ሰባት ቀን። በክብደት ብቻ ስናየው የአንዱ ቀን ክኒን የ200 ቀን ፓፍ ያህላል። የሁለቱ ኃይል አንድ ባይሆንም፣ ክኒኑ መላ ሰውነትን ሲያዳርስ ፓፉ በአብዛኛው እዚያው ሳንባ ውስጥ የሚሠራ መሆኑን ስንጨምርበት፣ ስቴሮይድን ፈርቶ ፓፍ የሚተው ሰው ወደሚፈራው ነገር ይበልጥ እየሮጠ ነው ማለት ነው። ለፓፉ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ከሳቡ በኋላ አፍን በውኃ ተጉመጥሙጦ መትፋት ነው፤ ያለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ይወጣል።

የክኒኑ ነገር ከሁሉም ይከብዳል። ለጥቂት ቀን የታዘዘ እንደታዘዘው ተወስዶ ያልቃል። ከሦስት ሳምንት ያህል በላይ ሲወሰድ ግን አድሬናሎቻችን "ከውጭ እየመጣልን ምን አደከመን" ብለው ሥራቸውን ያቆማሉ። በዚህ ጊዜ ክኒኑ በድንገት ቢቋረጥ ሰውነት ያለ ኮርቲዞል ባዶውን ይቀራል፤ ድካም፣ ማስታወክ፣ ራስ መሳት፣ የደም ግፊት መውረድ ይከተላል፤ ሞትም ሊከተል ይችላል። ስለዚህ የሚቆመው ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። ክኒኑ አለቀ፣ ገንዘብ የለም፣ ለፈተና ወደ ከተማ እንሄዳለን፤ እነዚህ ሁሉ የማቋረጫ ምክንያት ሊሆኑ አይገባም።

ጾምም እዚሁ ላይ ይነሣል። ፕሬድኒዞሎን እንደ ደንቡ ማለዳ፣ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ ማለዳ መሆኑ የዕጢዎቹን ልማድ ለመከተልና እንቅልፍ እንዳይነሣ፣ ከምግብ ጋር መሆኑም ለጨጓራ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ክርስቲያንም ሆነ ረመዳንን የሚጾም ሙስሊም ጓደኛችን ክኒኑን በራሱ ሥልጣን ሲዘልል አይተናል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕመምተኛ እንደሚያዝኑ የታወቀ ነው። ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን አማክሮ ሰዓቱን ማስተካከል፣ ከንስሐ አባት ወይም ከሼኽ ጋርም መነጋገር ይቻላል።

አንድ ሌላ የምንሳሳትበት ነገር፦ ክኒኑን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ፊቱ ይሞላል፣ ክብ ይሆናል። እኛም "ተመችቶሃል፣ ወፈርክ" ብለን እንመርቀዋለን! ያ ግን ምቾት ሳይሆን የመድኃኒቱ ጫና ምልክት ሊሆን ይችላል። በዚያው ውስጥ ውስጡን ስኳር ይጨምራል፣ ደም ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ይሳሳል። የተኛ የሳንባ ነቀርሳም ሊነቃ ይችላል፤ በባዶ እግር በኩል ገብቶ ለዓመታት በአንጀት የሚኖረው ስትሮንጊሎይደስ የተባለ ትልም ሊራባና ሊገድል ይችላል። ይህም ሆኖ በአንጎል ሽፋን ነቀርሳ ለተያዘ ሰው ሐኪሞች ራሳቸው ዴክሳሜታዞን ይሰጣሉ፤ ግን ከነቀርሳው መድኃኒት ጋር አጣምረው ነው። ጅቡን የሚያባርር ሳይመደብ ሕዝቡ አይበተንም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኛ የምንለው ሩቅ ነገር አይደለም። በየክፍላችን የተቀመጡት ቅባቶች ከነሣጥናቸው ወደ ክሊኒካችን ነርስ ይወሰዱና ስማቸው ይታይ። ሣጥን የሌለው፣ ስሙ የተፋቀ፣ ወይም በፌስታል የተቋጠረ ቅባት ጭራሹን አይቀባ። ለወራት ፊቱን ሲቀባ የቆየ ጓደኛ ካለ አይሳቅበት፤ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፣ ብቻውን በድንገት አያቁም። ክኒን የሚወስድ ደግሞ ለክፍል ጓደኛው የመድኃኒቱን ስም ይንገር፤ አንድ ቀን ቢወድቅ ለሐኪም የሚናገርለት ሰው ይኖራል።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። በሳይንስ ማስተማሪያ ዘዴ ትምህርታችን ውስጥ ከመድኃኒት ሣጥን ላይ ስም፣ መጠንና ማብቂያ ቀን የማንበብ አንድ ክፍለ ጊዜ ይጨመርልን። ብዙዎቻችን የምንመደበው ጤና ጣቢያው በእግር ሰዓታት በሚያስኬድበት ቀበሌ ነው። እዚያ አንዲት እናት "የኔታ፣ ይቺ ምን ትላለች? ልጄን ልቀባው?" ብላ ቅባቱን ስትዘረጋልን መልሳችን "አላውቅም፣ ግን ጎረቤቴ ተቀብቶ ተሽሎታል" እንዳይሆን፣ ክሎቤታሶልን ከክሎትሪማዞል ለይተን የምናነብበትን ዓይን አሁን እዚሁ ይስጡን።